የዊትከር ዎርድስ፦ የላቲን ፓርቲሲፕል ላስቸገራችሁ፣ በተለይ ከግዕዝ ለመጣችሁ

ስለዚህ ፕሮግራም በአማርኛ የጻፈ ሰው ብፈልግ ብፈልግ ስላጣሁ እኔው ልጻፍ ብዬ ነው። ዎርድስ ይባላል፣ ሰው ግን በሠራው ሰውዬ ስም የዊትከር ዎርድስ እያለ ነው ሚጠራው። የላቲን መዝገበ ቃላት ነው፣ ግን እንደ ሌላው መዝገበ ቃላት የቃሉን መነሻ አውቃችሁ ካልመጣችሁ ብሎ በር አይዘጋባችሁም። ጽሑፉ ላይ እንዳገኛችሁት፣ ጭራውን እንደያዘ ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ግንዱንና ጭራውን ለይቶ ከየት እንደመጣና ምን ቅርጽ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም አይከብድም። ስጠቀምበት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እሱ ባይኖር ፓርቲሲፕል ሚባለውን ነገር (ከግሥ ወጥቶ እንደ ቅጽል ሚሠራውን ቃል) እስካሁንም አልሻገረውም ነበር።

መጀመሪያ ላቲን ውስጥ ለምን እንደገባሁ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁም በዚሁ በር ነው ምትገቡት ብዬ ስለማስብ። ግዕዝ ስማር ቃል በጠፋኝ ቁጥር ሁሉም ሰው "ዲልማንን እይ" ይለኛል። ጀርመናዊው ኦገስት ዲልማን 1865 ላይ ላይፕሲግ ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ማለት ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው)፣ ግዕዝ ሚያጠና ሰው እስከዛሬ ሚመላለስበት፣ አሁን ሃምቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ከፈትኩት፣ የግዕዙ ፍቺ በላቲን ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሂዮብ ሉዶልፍም እንደዛው ነው፣ የግዕዝ ሰዋስው 1661 ላይ፣ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ 1698 ላይ ሲያሳትም፣ ከኢትዮጵያዊው መምህሩ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ሁሉ ያስቀመጠው በላቲን ነው። የራሴን ቋንቋ ነገር ላቲን ባለማወቄ ማንበብ አለመቻሌ በጣም ነው የከነከነኝ፣ እና ተነሳሁ።

አንድ የኦንላይን ኮርስ ከፍዬ ገባሁ፣ ስሙ ይቅር። ሠንጠረዥ ይላካል፣ ሸምድዱ ይባላል፣ ሌላ ሠንጠረዥ ይላካል። ፓርቲሲፕል ላይ ስንደርስ አራት ዓይነት አለ፣ እያንዳንዱ በስድስት ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ እያለ)፣ በሦስት ፆታ፣ በነጠላና በብዙ ይረባል ተባልንና ታለፈ። ትርጉሙ ሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛውም ሰው አፉን ሞልቶ ማይናገረው ዓይነት፣ ላቲኑን ልረዳ ስል እንግሊዝኛውን መፍታት ያዝኩ። በሦስተኛው ወር አቆምኩ። ዎርድስን ያገኘሁት ከዛ በኋላ ነው።

የከፈትኩ ቀን መጀመሪያ የጻፍኩለት ቃል ቤኔዲክታ ነው። ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ኤልሳቤጥ ለእመቤታችን ምትለው፣ በላቲኑ "ቤኔዲክታ ቱ ኢንቴር ሙሊዬሬስ፣ ኤት ቤኔዲክቱስ ፍሩክቱስ ዌንትሪስ ቱዊ"። ይሄን ደግሞ በግዕዝ ማን የማያውቅ አለ፣ "ቡርክት አንቲ እምአንስት ወቡሩክ ፍሬ ከርሥኪ"፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ጠዋት ማታ ያልነው ነው። ፕሮግራሙ ጥቁር መስኮት ነው፣ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ቃሉን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ መስመር በመስመር ይዘረግፈዋል። መስመሩ ላይ መጀመሪያ ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፣ ቤኔዲክት፣ ከዛ ነጥብ፣ ከዛ አንዲቷ የመጨረሻ አናባቢ ብቻዋን። ቀጥሎ በምሕጻረ ቃል፦ ከግሥ የወጣ ፓርቲሲፕል፣ ሦስተኛው የግሥ ምድብ፣ ባለቤት፣ ነጠላ፣ አንስታይ፣ ኃላፊ፣ ተደራጊ። ከሥር ግሡ ራሱ፣ ቤኔዲኮ፣ ባረከ።

እኔ ሳየው ዓይኔ የበራው ምን ላይ መሰላችሁ፣ ቡርክት ማለት ቃል በቃል ይሄው ነው! ከባረከ የወጣ፣ ተደራጊ፣ አንስታይ፣ ነጠላ። ከዛ ቤኔዲክቱስ ብዬ ስጽፍለት ተባዕታይ አለኝ፣ ምክንያቱም ፍሩክቱስ፣ ማለትም ፍሬ፣ ላቲን ላይ ተባዕታይ ስለሆነ ቅጽሉ እሱን ተከትሎ ነው የተለወጠው፣ ግዕዙም እዛችው ቦታ ላይ ቡርክትን ትቶ ቡሩክ ይላል። በሦስት ወር ሠንጠረዥ ያልገባኝ ነገር በሁለት ቃል ገባኝ። ፓርቲሲፕሉ ለብቻው ሚቆም ነገር አይደለም፣ አንድ ስም ይዞ ነው ሚሄደው፣ ስሙ ሴት ከሆነ ሴት፣ ብዙ ከሆነ ብዙ፣ ተሳቢ ከሆነ ተሳቢ። ግዕዝ ላይ ቡሩክ ተሳቢ ሲሆን ቡሩከ እንደሚለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ግዕዝ በአንድ ጭራ ሚጨርሰውን ላቲን ለየሙያው ሌላ ጭራ ማውጣቱ ነው።

የቅኔ ቤት ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፣ ውስጠ ዘ ይሉታል። ቀታሊ ሲባል ዘቀተለ፣ ቅቱል ሲባል ዘተቀትለ ማለት ነው፣ "ዘ"ው አይታይም እንጂ ውስጡ አለ። ፓርቲሲፕልን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስም በየትኛውም ቋንቋ አላየሁም፣ ከልቤ ነው ምላችሁ። ላቲኖቹ ራሳቸው ፓርቲኪፒዩም ያሉት ተካፋይ ለማለት ነው፣ ከግሥም ከስምም ድርሻ ስላለው፣ ከግሡ ጊዜውንና አድራጊ ተደራጊነቱን፣ ከስሙ ፆታውን ቁጥሩንና ሙያውን ይወስዳል። ጊዜና አድራጊ ተደራጊነትን ለብቻ፣ ፆታ ቁጥርና ሙያን ለብቻ አድርጋችሁ ካያችሁት የዎርድስ መስመር ላይ ያለው ምሕጻረ ቃል ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዝላችኋል።

አራቱን እንግዲህ እኔ እንዴት እንደያዝኳቸው ልጻፍላችሁ፣ አሞ ከሚለው ግሥ፣ ወደደ። አማንስ፣ ሚወድ ወይ እየወደደ ያለ። አማቱስ፣ የተወደደ። አማቱሩስ፣ ሊወድ ያለ። አማንዱስ፣ ሊወደድ ሚገባው። ጊዜ ስንል ደግሞ አሁንና ድሮ ማለት አይደለም፣ ከዋናው ግሥ አንጻር ነው፣ እና ይሄን ለመያዝ አማርኛ በቂ ነው፦ እየሄደ አየኝ፣ ሄዶ አየኝ፣ ሊሄድ ሲል አየኝ። የመጀመሪያው አብሮ ሚሆን ነው፣ ሁለተኛው ቀድሞ ያለቀ፣ ሦስተኛው ገና ሚመጣ። ላቲኑም ይሄንኑ ነው ሚለው። ሱዌቶኒዩስ የተባለው የሮም ጸሐፊ ስለ ቀላውዴዎስ ቄሳር ሚያወራው ታሪክ አለ፣ 52 ዓ.ም. ፉኪኑስ ሐይቅ ላይ በተዘጋጀው የመርከብ ውጊያ ትርኢት ሊዋጉ የተሰለፉት ሰዎች "ሞሪቱሪ ቴ ሳሉታንት" አሉት፣ ሊሞቱ ያሉት ሰላም ይሉሃል። ሞሪቱሪ አንድ ቃል ናት፣ "ሊሞቱ ያሉት" ግን ሁሉም ውስጧ አለ። ቄሳሩም "ወይ አይሞቱም" ብሎ መለሰላቸው፣ እነሱም ምሮናል ብለው አንዋጋም አሉ። ሙሉ ክርክሩ የተነሳው ከዛች አንዲት ፓርቲሲፕል ነው።

እርባታቸው ላይ ሦስቱ አያስቸግሩም፣ አማቱስ አማቱሩስ አማንዱስ እንደማንኛውም ቅጽል በኡስ፣ በኣ፣ በኡም ነው ሚሄዱት፣ ቅጽል ከተማራችሁ ተምራችኋቸዋል። አስቸጋሪው አማንስ ነው። ባለቤት ሲሆን ለወንዱም ለሴቷም ለግዑዙም አማንስ ነው፣ አይለይም። ከዛ ሲረባ ሌላ ግንድ ያወጣል፣ አማንቲስ የሚወደው ሰው፣ ዘርፍ ሲሆን፣ አማንቲ ለሚወደው፣ አማንቴም የሚወደውን፣ ብዙ ሲሆን አማንቴስ፣ ግዑዝ ብዙ አማንቲያ፣ የብዙ ዘርፍ አማንቲኡም። አማንቲስ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ የነጠላ ዘርፍ አንዱ፣ ሌላው ግን የብዙ ተሳቢ፣ ምክንያቱም የጥንት ጸሐፊዎች አማንቴስን በአማንቲስ ይጽፉት ነበር፣ የጀማሪ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይሄን አይነግራችሁም፣ ግጥም ስታነቡ ግን ትጋፈጡታላችሁ። ደግሞ በ ወይ ከ ምንልበት ሙያ ላይ ሁለት ጭራ አለው፣ ግሥነቱ ካየለ አማንቴ፣ እንደ ተራ ቅጽል ከሆነ አማንቲ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ያውቃቸዋል፣ ለምን ሁለት እንደሆኑ ግን አያስረዳም፣ እሱን ከሰዋስው መጽሐፍ ነው ምታገኙት።

አንድ ማልስማማበት ነገር፣ አማንዱስን "የትንቢት ተደራጊ ፓርቲሲፕል" ብሎ ነው ሚሰይመው። የድሮ ሰዋስው መጻሕፍትም እንደዛ ይሉታልና ከኪሱ ያወጣው አይደለም፣ ግን ጀማሪን ያሳስታል። "ወደፊት ሚወደድ" ማለት አይደለም፣ "ሊወደድ ሚገባው፣ መወደድ ያለበት" ነው። ካቶ የተባለው የሮም ፖለቲከኛ ነው ይባላል እየደጋገመ "ካርታጎ ዴሌንዳ ኤስት" ሲል የሮም ጠላት የነበረችው ካርቴጅ ወደፊት ትፈርሳለች ብሎ መተንበዩ አይደለም፣ መፍረስ አለባት ነው ሚለው፣ 146 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈረሷትም። ዴሌንዳ ላይ ያለችው ኣ ካርታጎ አንስታይ ስለሆነች ነው፣ እኛም ከተማን "አለባት" እንደምንለው። እና ይሄን ጭራ በየቀኑ እየተናገራችሁት ነው። አጀንዳ፣ ሊሠሩ ሚገባቸው ነገሮች፣ ግዑዝ ብዙ። ሜሞራንደም፣ ሊታወስ ሚገባው። ሪፈረንደም ከሬፌሮ ነው፣ ወደ ሕዝብ ተመልሶ መቅረብ ያለበት። ፕሮፓጋንዳ ደግሞ 1622 ላይ ሮም ከተቋቋመው እምነትን ለማስፋፋት ከተባለው የካቶሊክ ጉባኤ ስም የወጣ ነው፣ ሊስፋፋ ሚገባው። ዳታም ፓርቲሲፕል ነው፣ የተሰጡ ነገሮች ማለት ነው፣ ከዶ፣ ሰጠ። ፕሬዚዳንትና ኤጀንት ደግሞ እንደ አማንስ ናቸው፣ ከፊት ሚቀመጥና ሚሠራ። ዜና እየሰማሁ ቃሉን ዎርድስ ላይ መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል፣ እርባታውን እንደዚህ ሚያስይዝ የለም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለቱ። ዎርድስ ዓረፍተ ነገር አያነብም። ሊሆን ሚችለውን ሁሉ ይዘረዝርና ይተዋችኋል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጽሑፍ ላይ "ኤፒስቱላ ስክሪፕታ አቢይት" ሚል አጋጠመኝ። ኤፒስቱላ ደብዳቤ ናት፣ ስክሪፕታ የተጻፈች፣ አቢይት ሄደ። ዎርድስ ስክሪፕታ ላይ ብዙ መስመር አወጣ፣ እኔ የመጀመሪያውን አነበብኩ፣ ባለቤት ነጠላ አንስታይ፣ በቃ "የተጻፈችው ደብዳቤ ሄደች" ብዬ ተረጎምኩና ቀጠልኩ። ቀጥሎ ያለው ገጽ በሙሉ አልገጥም አለኝ፣ ደብዳቤዋ ትናገራለች፣ ትቀመጣለች፣ ፈረስ ትጋልባለች። ወደኋላ ተመልሼ መስመሮቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ሦስተኛው ላይ አለ፣ በ/ከ ሚባለው ሙያ፣ ነጠላ አንስታይ። ማለትም ደብዳቤዋ ባለቤት አይደለችም፣ ከጎን የቆመች ናት፣ ትርጉሙም "ደብዳቤውን ጽፎ ሄደ" ነው።

እና እዚህ ላይ ነው አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ ደስ ያለኝ። ላቲን "ጽፎ" ሚል ፓርቲሲፕል የለውም፣ አድራጊ ሆኖ ኃላፊ ሚሆን ቦታው ባዶ ነው፣ ስለዚህ ዞሮ "ደብዳቤው ተጽፎ፣ ሄደ" ይላል። የፈረንጅ መጻሕፍት ይሄን ለማስረዳት ገጽ ይፈጃሉ፣ እኛ ቦዝ አንቀጽ አለን፣ ጽፎ፣ ተጽፎ፣ በልቶ፣ ተበልቶ፣ ቀኑን ሙሉ ነው ምናወራበት። ኡርቤ ካፕታ ሲል "ከተማዋ ተይዛ"። አብ ኡርቤ ኮንዲታ፣ የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች ዓመት ሚቆጥሩበት፣ "ከተቆረቆረችው ከተማ" ብላችሁ አትድከሙ፣ "ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ" ነው፣ 753 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ ነው መነሻው። የኛ ቦዝ በሰው ይዘረዘራል፣ ጽፌ ጽፈህ ጽፋ፣ የነሱ ግን በስሙ ፆታና ሙያ ነው ሚረባው፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዎርድስ ኃላፊ ተደራጊ ሲላችሁ መጀመሪያ በአእምሯችሁ ቦዙን ሞክሩት፣ እንግሊዝኛውን ተዉት።

ሌላ ደግሞ፣ ዴፖነንት ሚባሉ ግሦች አሉ፣ መልካቸው ተደራጊ ትርጉማቸው አድራጊ። ሎኩዎር፣ ሴኩዎር፣ ኡቶር፣ ኢራስኮር። በአማርኛ ስትፈቷቸው ተናገረ፣ ተከተለ፣ ተጠቀመ፣ ተቆጣ። አያችሁት? አራቱም በ"ተ" ናቸው፣ ተደራጊ መስለው አድራጊ የሆኑ፣ ልክ እንደኛ። ሁሉም ዴፖነንት እንደዚህ አይገጥምም፣ ረሳ ሚለው ለምሳሌ አይገጥምም፣ ግን ሚገጥሙት ብዙ ናቸው። ባዶ ነው ያልኳችሁን ቦታ ሚሞሉትም እነዚህ ናቸው፣ ሎኩቱስ ተናግሮ፣ ሴኩቱስ ተከትሎ፣ ኡሱስ ተጠቅሞ። ዎርድስ ከግሡ ጎን ዴፖነንት መሆኑን ይጽፍላችኋል፣ ያቺን ቃል ካላያችሁ ትርጉሙ ይገለበጥባችኋል፣ ሁሌም እዩዋት።

ረጅምና አጭር አናባቢም አይለይም። ስክሪፕታ ባለቤት ስትሆን መጨረሻዋ አጭር ነው፣ በ/ከ ስትሆን ረጅም፣ ሮማውያኑ በጆሯቸው ይለዩታል፣ የተጻፈው ላይ ግን አንድ ነው። እኛም ጠብቆና ላልቶ ሚነበበውን አንጽፈውም፣ "ገና" ሚለው የገና በዓል ይሁን ገና ነው ለማለት ከዓረፍተ ነገሩ ነው ምናውቀው፣ ስለዚህ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። ረጅሙን በሰረዝ ማየት ከፈለጋችሁና ሙሉ ሠንጠረዥ ከፈለጋችሁ ዊክሽነሪ ላይ ግቡ፣ እዛ ፓርቲሲፕሉን ስትፈልጉ እርባታው በሙሉ ይዘረጋል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ምጠቀመው፣ ንባብ ላይ ዎርድስ፣ ጥናት ላይ ዊክሽነሪ።

ስለሠራው ሰው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሥራው ያስከብረዋል። ዊልያም ዊትከር የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔል ነበር፣ 1970ዎቹ ውስጥ መከላከያ መሥሪያ ቤቱ አንድ የጋራ የፕሮግራም ቋንቋ እንዲኖረው ያጠናውን ቡድን የመራ፣ ከዛ ነው ኤዳ የተባለው ቋንቋ የወጣው። ጡረታ ከወጣ በኋላ በዛው በኤዳ ይሄን መዝገበ ቃላት ጻፈና ማንም በነፃ ይጠቀምበት ብሎ ለቀቀው። 2010 ላይ ዐረፈ፣ ፕሮግራሙን ግን ፈቃደኞች እስካሁን እያደሱት ነው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን አምስት ፊደል በቅንፍ አለ፣ መጀመሪያ ልብ አትሏቸውም፣ ግን የቃሉን ዘመን፣ መስኩን፣ ምን ያህል እንደሚዘወተር ሁሉ ሚናገሩ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ላቲን ወይ እንደ ዲልማን ያለ የምሁራን ላቲን ለሚያነብ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ቃሉ ከቄሳር ዘመን ይሁን ከመካከለኛው ዘመን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለአማንዱስ ስያሜና ለጀማሪ ምንም መመሪያ ስለሌለው ነው። ሰዋስው ጭራሽ ላልጀመረ ሰው አልመክርም፣ ሙያና ፆታ ምን እንደሆኑ ማያውቅ ሰው መስመሮቹ ግራ ያጋቡታል። ግዕዝ ቢያንስ እስከ ቅጽል የዘለቀ ሰው ግን ዛሬውኑ ዳውንሎድ ያድርገው። ስትጨርሱ ምንም ሳትጽፉ ሁለቴ ኢንተር ስትሉ ነው ሚዘጋው፣ እኔ መጀመሪያ መውጫው ጠፍቶኝ ነበር።

ትናንት ማታ ሳንክቱስ ብዬ ጻፍኩለት። ሁለት ነገር አመጣ፣ አንዱ ራሱን የቻለ ቅጽል፣ ቅዱስ፣ ሁለተኛው ሳንኪዮ ከሚለው ግሥ የወጣ ኃላፊ ተደራጊ ፓርቲሲፕል፣ ተደንግጎ የተለየና የጸና። ቅዱስም ከቀደሰ፣ ለየ ከሚለው የወጣ ሳድስ ውስጠ ዘ ነው። በቅዳሴ ሦስቴ ስንለው ከግሥ መውጣቱን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ማታ ግን ሁለቱን መስመሮች እያየሁ ብዙ ቆየሁ።